የሻለቃው መርዶ

ሰይፉ ለአባቱ በገዛው ስጦታ ውስጥ ሬሳ እንዳለ የምታውቀው ደስታዬ ብቻ ነበረች። ወንድሟማ ቢያውቅ ኖሮ በጠዋቱ ደውሎ እንደዚያ ባልፈነደቀ። «ምን እንዳገኘሁ ብነግርሽ አታምኚኝም» አላት፤ ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይጮሃል። «አባ ድሮ የሚወደው ያ የጠፈር መርከብ ፊልም አለ አይደል? ሙሉው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዲቪዲ ወጥቷል። ባለሱቁ ሁለት መቶ ሰማንያ ሼቄል ብሎኝ ነበር፣ ተከራክሬ በሁለት መቶ ሃያ ነጠቅሁት። አሁን ለአባ ሰጥቼው ወደ ሥራ እየሄድሁ ነው። ማታ ነይና አብረን እናያለን፣ ቤሰደር፣ እሺ?» ደስታዬ የምትሠራው ሄርጽል መንገድ ላይ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ በሽተኛ አጠገቧ ተጋድሞ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል እንደያዘች መሣሪያውን ትሪው ላይ አስቀመጠች። «እስከ መጨረሻው?» አለች። «እስከ መጨረሻው!» አላት ሰይፉ፣ እንደተመሰገነ ሰው።

አባታቸው አባ ጓንጉል የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ዓለምን በጉም ውስጥ ነው ያዩት፤ ቴሌቪዥኑንም እንደ ሬዲዮ ያዳምጡት ነበር እንጂ አያዩትም። ዓይናቸው የበራ ዕለት ቤቱን ሲዞሩ ያልነቀፉት ነገር አልነበረም። መጋረጃው ቆሽሿል፣ ግድግዳው በእጅ አሻራ አድፏል፣ ሰይፉ ቦርጭ አውጥቷል፣ ደስታዬ ከስታለች። «ይሄን ሁሉ ደብቃችሁኝ ኖሯል» እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ሐኪሙ ቴሌቪዥን ማየት ፈቅዶላቸዋልና የሰይፉ ስጦታ ከልብ የታሰበበት ነበር። ችግሩ የፊልሙ ጀግና መሞቱ ነው። በመጨረሻው ክፍል ላይ ይሞታል። አባ ጓንጉል ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በሕይወት እንዳለ ነው የሚያውቁት፤ በሕይወት አለ ብላ የነገረቻቸው ደግሞ ደስታዬ ናት።

ጀግናው ምላስ የሚያስር የፈረንጅ ስም ነበረው፤ አባ ጓንጉል ግን ገና በመጀመሪያው ምሽት አረማመዱን አይተው «ይሄስ ሻለቃ ነው» አሉና ስሙ በዚያው ጸና። ያኔ ከሱዳን በመጡ በዓመቱ ነበር፤ ሜርካዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ ገቢዎች መኖሪያ አባትና ሁለት ልጆች በአንዲት ክፍል ያድራሉ። የብረት አልጋው ግን አራት ነው፤ አራተኛው ለእናታቸው ለውቢት የተነጠፈ። እናታችሁ ሱዳን ሐኪም ቤት ቀርታለች፣ ሲሻላት በሚቀጥለው አውሮፕላን ትመጣለች ተብለው ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ የሰጣቸው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበራቸው፣ ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረም ማማረጥ የለም። ሰኞ ማታ ሲሆን የሻለቃው መርከብ ብቅ ይላል። ከምድራቸው ርቀው የጠፉ ሰዎች ናቸው፤ ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ የመመለሻውን መንገድ ይፈልጋሉ። እነሱ በፈረንጅኛ ያወራሉ፣ ከሥር በዕብራይስጥ ይጻፋል፣ ቶሎ ዕብራይስጥ የገባት የአሥራ አንድ ዓመቷ ደስታዬ እያነበበች ለአባቷ በአማርኛ ታወራለች፣ የአራት ዓመቱ ሰይፉ ጭኗ ላይ ይተኛል። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ማሞቂያው ላምባ ላምባ ይሸታል፣ ብርዱ በመስኮቱ ሥር ይገባል፤ ግን ሰኞ ማታ የሚባል ነገር ነበራቸው። ዛሬ ደስታዬ ቤት መቶ ጣቢያ አለ፣ ያንን የመሰለ ሰኞ ግን የለም።

ሻለቃው ዝምተኛ ነበር። በየክፍሉ መጨረሻ ብቻውን በመርከቡ መስኮት ፊት ቆሞ ጨለማውን ያያል፤ ሙዚቃ ይሰማል እንጂ ቃል የለም፣ ከሥርም ምንም አይጻፍም። አባ ጓንጉል ግን ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አይዋጥላቸውም። «አሁን ምን እያሰበ ነው?» ይላሉ። በመጀመሪያው ሰኞ ደስታዬ አልተጻፈም ልትል ነበር፤ በጉጉት ሲያዩዋት ጊዜ አሳዘኗትና «ከቤቱ ሲወጣ በሩን ዘግቶት እንደሆነ እያሰበ ነው» አለች። አባ ጓንጉል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፣ ያሳስባል» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሻለቃው ሐሳብ የደስታዬ ሥራ ሆነ። አንዳንድ ሰኞ ጫማው እንደጠበበው ያስባል። አንዳንዴ ትምህርት ቤት ስሙን ለውጠው የሚጠሩት ልጆች እንዳናደዱት ያስባል፤ ሻለቃ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል ብለው አባቷ አልጠየቁም። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንዲት ሴት ነበር የሚያስበው፤ ሩቅ ኮከብ ላይ ታማ የቀረች፣ ሲሻላት በሚቀጥለው መርከብ የምትመጣ። «መቼ ነው የምትመጣ?» ይላሉ አባ ጓንጉል። «እሱንማ አያውቅም፤ ግን አልጋዋን አንጥፎላታል።» ይሄን ሲሰሙ ውኃ ልጠጣ ብለው ተነሥተው ይወጣሉ። ደስታዬ የእውነት ውኃ የጠማቸው ይመስላት ነበር።

እናቷ ሱዳን እንደሞተች የተነገራት ከመጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። እንደ ወጉ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመዶች ከየከተማው ተጠራርተው፣ የእናቷ ወንድም አባ ተዘራ ከፊት ሆነው በሩን አንኳኩ። መርዶ ሰው በሌለበት አይነገርም፤ ባዕድ አገር ውስጥ ብቻውን ሰምቶ ብቻውን እንዳያለቅስ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል። ቤቱ በጩኸት ሲናጥ የሜርካዙ ጠባቂዎች ሰው ተገደለ ብለው እየሮጡ መጡ። ዕብራይስጥ የሚችል ማን አለ? ደስታዬ። በሩ ላይ ቆማ፣ «እናቴ ሞታለች፣ የሞተችው ግን ድሮ ነው፣ አሁን ነው የተነገረን፣ ወጋችን ነው፣ ፖሊስ አትጥሩ» እያለች አስረዳች። ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መጣች፣ ለእሷም አስረዳች። ቀጥሎ ነርሷ መጣች። ሲመሽ ሁሉም አልቅሶ ወጥቶለት ነበር፤ እሷ ግን ገና እየተረጎመች ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ የታየው ከዚያ ለቅሶ በወሩ ነው። አባ ጓንጉል ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ሥራ ጀምረው ያን ሰኞ የማታ ተራቸው ነበር። ሻለቃው የተበላሸውን መርከብ ሊያድን ብቻውን ሞተሩ ክፍል ገባ፣ ሌላ ሰው እንዳይከተለው በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ በዚያው ሞተ። ደስታዬ ሰይፉን እንዳትቀሰቅስ ትራስ ነክሳ አለቀሰች፤ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም። አባቷ ሲገቡ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ሻለቃ እንዴት ሆነ?» አሉ። ለቅሶ የከረመበትን ፊታቸውን አየች። «ደህና ነው፣ አባ» አለች። «መንገዱን ሊያገኝ ነው መሰለኝ።» ደስ አላቸው። ሰው ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር፣ እንደ ትልቅ ሰው፤ ለፊልም ሰው መርዶ ግን ማን ይሰበሰባል? በዚያው ቀረ።

በዚያው ቀረና ሻለቃ በቤታቸው ኖረ። አባ ጓንጉል ማሸጊያ ቤት ከአለቃቸው ጋር ሲጣሉ፣ «ሻለቃ እኔን ቢሆን ምን ያስብ ነበር?» ይላሉ፤ ደስታዬ ትነግራቸዋለች። ደስታዬ ወታደር ሆና ስትሄድ ፈርታ እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ሻለቃ ይፈራል ወይ ብለው ነው የጠየቋት። ከባሏ የተለያየች ጊዜማ ዘመድ ሁሉ አፉን ከፍቶ ምን ሆናችሁ፣ ማን በደለ ሲል አባቷ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ሻለቃ ሰሞኑን እንዴት ነው?» አሉ ብቻ። «ደክሞታል፣ አባ። መርከቡ ከብዶታል» አለች። በማግስቱ መጥተው ሁለቱን ልጆቿን ይዘው ሄዱና ሳምንት አቆዩላት። አባትና ልጅ የልባቸውን የሚነጋገሩት እንዲህ ነበር እንጂ ሌላ መንገድ አያውቁም፤ ሌላው ወሬያቸው የዶሮ ዋጋና የሐኪም ቀጠሮ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሻለቃ በሰይፉ ፊት ሊሞት ነው፤ አባ ጓንጉልም ልጃቸው ሃያ ዓመት እንደዋሸቻቸው ሊያውቁ ነው። ከዚያ ወዲያ በምን ይነጋገራሉ?

ክሊኒኩ ከሰዓት በኋላ እስኪከፈት ድረስ የምሳ ዕረፍት አለው። ደስታዬ ነጩን ጋዋኗን ሰቅላ በጠራራው ፀሐይ ወደ አባቷ ሰፈር ወደ ቂርያት ሞሼ ወረደች። አባቷ ከሕንፃው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ሐኪሙ የሰጣቸውን ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። «ነይ እስቲ፣ የወንድምሽን ጉድ ሰማሽ?» አሉ ሲያዩዋት። «ዛሬ ማታ ሻለቃ ሊመጣ ነው።» እንግዳ የሚቀበል ሰው ነበር የሚመስሉት፤ ሸሚዛቸውንም ለውጠዋል። አንድ ነገር ረስቼ ነው ብላ ወደ ላይ ወጣች። ቤቱ ተጠርጎ፣ ሶፋው ላይ የክት አልጋ ልብስ ተነጥፎበት፣ የሰይፉ ሳጥን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከዓይን ጠብታው ጎን ተቀምጧል። ከፈተችው። የመጨረሻው ዲስክ ላይ ሻለቃው ራሱ በመስኮቱ ቆሞ ተሥሏል፤ ለካ ያን ያህል ወጣት ኖሯል፣ ከእሷ ከራሷ የሚያንስ። አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወርድ አባቷ «ምሳ በልተሻል?» አሉ። «በልቻለሁ» አለች፣ ውሸት በውሸት ላይ።

ሄርጽል መንገድ ስትደርስ እግሯ ወደ ክሊኒኩ አልሄድ አላት። ዲስኩ ቦርሳዋ ውስጥ እንደ ብረት ከበዳት። ለጸሐፊዋ ለጋልያ ደውላ ቤተሰብ ውስጥ ሐዘን አለ፣ ዛሬ አልመለስም አለች፤ ጋልያ ደንግጣ ማን ሞተብሽ ስትላት ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ታክሲ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ቂርያት ዔቅሮን ሄደች፣ የዚያን ጊዜውን መርዶ ወዳመጡት አጎቷ። አባ ተዘራ ከቤታቸው ኋላ ባለችው ጓሮ በርበሬያቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ሳመች፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ፣ ስለ ሰይፉ አለማግባትም በሰፊው ተወያዩ።

«አባ ተዘራ፣ መርዶ እንዲያረዱልኝ ነው የመጣሁ» አለች በመጨረሻ።

ሽማግሌው የውኃውን ቧንቧ ዘጉና ነጠላቸውን ከገመዱ ላይ ሳቡ። «ማን ሞተ፣ ልጄ?»

«የፊልም ሰው ነው» አለችና አፍራ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ይሥቃሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አልሣቁም። ነጠላውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ሻለቃ ነው?» አሉ።

«ያውቁታል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀውም! ጓንጉል ያኔ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በሕዝብ ስልክ እየደወለ ያሳብደኝ አልነበረ። ልጅቱ ትናንትም ሰውዬውን አልጋ አስነጠፈችው፣ ከእንግዲህ አልችልም፣ ልንገራት ይለኛል። ዘመድ ሳይሰበሰብ አይሆንም፣ ታገሥ እለዋለሁ። ስልኩ እስኪቋረጥ ያለቅሳል።»

ደስታዬ የፕላስቲክ ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳበች። «ሐሳቡ የእኔ እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል? የፈረንጅ ሻለቃ በር ስለመዝጋት ያስባል?» አሉ አባ ተዘራ። «አንቺ እኮ ከሱዳን ከወጣሽ ወዲህ አፍሽን ዘግተሽ ነበር። ትበያለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ ሕፃኑን ታጥቢያለሽ፤ ቃል ግን የለም። አባትሽ አንቺን የሚያገኝሽ ሰኞ ማታ ብቻ ነበር።» ነጠላውን መልሰው ገመዱ ላይ አደረጉት። «እኔ አላረዳም። እኔን ሰው ሲያየኝ ወዲያው ሬሳ ነው የሚታየው፣ ምስኪኑን አላስደነግጠውም። ሂጂና ራስሽ ንገሪው።»

መሸት ሲል አባቷ ቤት ስትደርስ ሰይፉና አባ ጓንጉል ሶፋው ላይ ተደላድለው አንደኛውን ክፍል ጨርሰው ነበር። ሻለቃው በመስኮቱ ፊት ቆሟል፤ በአዲሱ ቴሌቪዥን ፊቱ ከድሮው ይበልጥ ይታያል፣ ሙዚቃው ግን ያው ነው፤ ደስታዬ ያንን ሙዚቃ ስትሰማ የላምባው ሽታ አፍንጫዋ ድረስ መጣ። ሰይፉ ሱፍ እየፈለፈለ፣ «አባ፣ ይሄ ሰው እኮ ምንም አያስብም፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ነው የቆመው» ይላል። እሱ አባቱን አንተ እያለ ያደገ ልጅ ነው፣ ሲፈልግም ይቀልድባቸዋል። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ተኝተህ ነው ያደግህ» አሉት አባ ጓንጉል። ሰይፉ እኅቱን ሲያይ ትዝ አለውና ሳጥኑን አንሥቶ እያገላበጠ፣ «ደስታዬ፣ ያ ሌባ ባለሱቅ ጉድ ሠራኝ፣ የመጨረሻው ዲስክ የለም! ነገ ሄጄ ሱቁን ነው የምገለብጥበት» አለ። ደስታዬ ቦርሳዋን ከፈተችና ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ባለሱቁን ተወው፣ እኔ ነኝ የወሰድሁት» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ሌላው ቃል ሁሉ ስለጠፋት እንዲሁ ተናገረችው።

«አባ፣ ሻለቃ ሞቷል። ዛሬ አይደለም፣ ድሮ ነው። እኔ ነኝ የደበቅሁዎት።»

ሰይፉ ሊሥቅ ጀመረና የሁለቱን ፊት አይቶ ተወው። ቴሌቪዥኑን አጠፋ። አባ ጓንጉል ዲስኩን አንሥተው አዲሱ ዓይናቸው እንደሚያሳያቸው ሥዕሉን አጥርተው አዩት። ደስታዬ ቁጣውን ጠበቀች፤ ዋሽተሽኝ ኖርሽ፣ ሞኝ አደረግሽኝ የሚለውን። ቁጣ አልመጣም።

«መቼ ነበር?» አሉ።

«ከእማ ለቅሶ በወሩ። እርስዎ የማታ ተራ ገብተው ነበር።»

«ማን ነበር ካንቺ ጋር?»

«ማንም። ሰይፉ ተኝቶ ነበር።»

«ጎረቤትስ አልጠራሽም?»

«ለፊልም ሰው ጎረቤት ይጠራል እንዴ፣ አባ?»

«ለፊልም ሰው አይደለም» አሉ አባ ጓንጉል። «ለፊልም ሰው አልነበረማ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው እኛ ያን ሁሉ ጊዜ አንጀታችንን አስረን የቆየነው። ለካ ብቻሽን ኖረሻል።» ዲስኩን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። «በእናትሽ ለቅሶ ቀንስ? ያን ቀንስ አላለቀስሽም?»

ደስታዬ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ለዚህ ጥያቄ ሻለቃ ምን እንደሚል ወዲያው መጣላት፣ ቶሎ አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። «ያን ቀን እኔ እየተረጎምሁ ነበር» አለች። «በሩ ላይ ነበርሁ።»

አባ ጓንጉል ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ቤቱ በሰው ተሞልቶ» አሉ፣ «እኔም ዓይኔ ደህና ሳለ፣ አላየሁሽም።» ከሶፋው ተነሡና የክቱን አልጋ ልብስ ገፈው ወለሉ ላይ አነጠፉት። ጉልበታቸው እያመማቸው፣ በእጃቸው መሬቱን ተደግፈው ቁጭ አሉና ልጃቸውን እጇን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ሰይፉ» አሉ፣ «ውረድና ጎረቤት ጥራ። እማዋይሽን ጥራ፣ በለጠን ጥራ፣ ለተዘራም ደውልለት። ለቅሶ አለ በላቸው።»

ሰይፉ በሩን ይዞ ቆመ፤ የሱፉ ፍሬ አሁንም መዳፉ ውስጥ ነው። «ዛሬ? አባ፣ የማን ለቅሶ ልበላቸው?»

«የእናትህ» አሉት። «እኅትህ ገና አላለቀሰችም።»